የጎማ ቀለበት

በባስራ ወንዝ ዳር፣ በዛገ ጣራ ሥር
ሌት ተቀን ሲያጓሩ
ሦስት ፓምፖች ነበሩ፣ በሳላቸው ዜማ
ከጋዝዋን ጋራ የሚመካከሩ።

የዚያን ዓመት ነሐሴ ማዕቀቡ ሲታወጅ
በሩን ቀርቅሮ ነው፣ ራዲዮኑን አቅፎ ዜናውን የሰማ፤
"ሱሃይላ" አላት ሚስቱን፣ "ደረሱልን መሰል፣
ይጨክኑበት ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ጉሮሮው ይጠማ።"

ምክንያት ነበረው።
ወንድሙን ወስደዋል፣
አንድ ቀልድ ቀልዶ፣ ከሻይ ቤት ጠርተውት፣
ጫማው ብቻ መጣ፣ አንድ እግሩን፣ በፌስታል ጠቅልለውት።

ሁለት ዓመት አልፎ፣
ስፋቷ አንድ ስንዝር፣ ዋጋዋ የሲጋራ፣
አንዲት የጎማ ቀለበት
ከፓምፑ አንገት ላይ ተሰንጥቃ ቀርታ ውሃውን ብትዘራ
ጋዝዋን ደብዳቤ ጻፈ፦ "ይህችን ብቻ ላኩ፣ ሌላ አልለምንም።"
መልሱ በስድስት ወር፣ ማኅተም አጊጦ፦
"ለታንክም ትሆናለች። ጉዳዩ ይጠናል። ለጊዜው አይቻልም።"

ሁለተኛ ጻፈ፤ ሥዕሏን ጨመረ፣ ውፍረቷን ለክቶ፣
ታንክ ውሃ እንደማይጠጣ፣ በትሕትና ቃል፣ ደግሞ አስረድቶ።

ሦስተኛውን ሲጽፍ
ካሮጌ የመኪና ጎማ በቢላዋ ቆርጦ ሠርቶላት ነበረ፤
ዘጠኝ ቀን አገለገለ፣
በዐሥረኛው ሌሊት የፓምፑ ሳል ተቀየረ።

በዚያው ሰሞን ነው፣ የእህቱን የናጂባን ልጅ ሆዱን ያመመው።
ከዚህ በላይ አልጽፍም።
ጋዝዋንም አይናገር፤
ብቻ ከዚያ ወዲህ ውሃ ሲቀዱለት
ብርጭቆውን አንሥቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በብርሃን ያየው ጀመር።

ወንዙን ተሻግሮ ግን እብነ በረዱ አላነሰም፤
ሲሚንቶ በሌሊት፣ ውስኪ በመኪና፣ መግቢያ አላጣም።
ሰውየው አልጠማውም።
የጠማው ሕዝብ ነው ከሰውየው ደጃፍ ሄዶ የተሰለፈ፣
ዱቄትና ስኳሩ፣ ዘይትና ሩዙ በካርድ ተጻፈ።
በሹክሹክታ ይረግም የነበረው ጋዝዋን እንኳ በየወሩ
ካርዱን አስመትቶ ጎንበስ ብሎ ያመሰግናል፤
ወግ ነው ለነገሩ።
የተራበ ሰው መቼ ያምፃል?
ወረፋ አለበት።

ሩቅ አገር፣ መስኮቱ በሰፋ አዳራሽ፣ አንዱ ጠየቀ፦
"ሠርቷል ወይ ይኼ ነገር?"
አንዱ ሰንጠረዥ ዘርግቶ፦ "ገቢያቸው በግማሽ ወርዷል" ብሎ ሲናገር
ሌላዋ፦ "ከጦር ይሻላል፣ ደም አይፈስበትም" አለች፤
ሦስተኛው ሽማግሌ፦ "አንዳንድ አገር ላይ ሠርቷል፣ አይቻለሁ" አለ፤
እሱም አልዋሸም።
ሁሉም እውነት ነበር።
ቀለበቷ አልመጣችም።

እኔ ይህን የምጽፍ፣ ከሩቅ ሆኜ ሰምቼ፣
አንድ ተረት ብቻ መጣብኝ ካገሬ ሰው አፍ ሸምቼ፦
አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።
ግን ዳውላ ሲመታ አቧራ ነው የሚወጣው፤
እዚህ የወጣውን፣ ምን ብዬ ልጥራው?

ቃሉንም ፈታሁት፦
"ዐቀበ" ብሎ ግዕዝ፣ "ጠበቀ" ማለት ነው፤
ማዕቀብ ያልነውም ከዚያው ግንድ የወጣ፣ የዘበኛ ቃል ነው።
ያን ሁሉ ዓመት በር ላይ ቆሞ
ማንን ነው የጠበቀው?

በዘጠነኛው ዓመት ጥቅል መጣ፣ ከነፈቃዱ፣
ዐሥራ ሁለት ቀለበት፣ ልኳ ሳይዛነፍ፣ ልክ እንደ ፍቃዱ።
ፓምፑ ግን የለም፣ ብረቱ ተሽጧል፣ መሠረቱ ብቻ ቀርቶ፣
እርግብ ሠፍሮበታል፤ ጋዝዋን ሣቀ፣ ለረጅም ጊዜ፣ ግድግዳ ተደግፎ።

ማታ ከቤት ሲገባ፣ ከወንድሙ ጫማ ጎን፣
ሚስማር ላይ ሰቀላት።
"አንዱን ሰውየው ላከው" አለ ለሱሃይላ፣
"አንዷን የሰውየው ጠላት።"